የሐሞት ቱቦ ሕመም ያለበት ሰው ጉበት ላይ እብጠት ታየ፤ ካንሰር ብቻ ነው ወይስ ሌላም ሊሆን ይችላል?

የኮዬዋ እህት (ኮዬ ፈጬ)

ሰላም ለሁላችሁ። ጽሑፉ ረዘም ይላልና ታገሡኝ። ታናሽ ወንድሜ 33 ዓመቱ ነው፤ ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ሒሳብ ያስተምራል። ከዓመታት በፊት ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ሲያሠቃየው ቆይቶ አልሰሬቲቭ ኮላይቲስ የሚባል የትልቁ አንጀት ቁስለት እንዳለበት ታወቀ። ቀጥሎ የጉበት የደም ምርመራው አልወርድ ሲል ኤምአርሲፒ (የሐሞት ቱቦዎችን የሚያሳይ የኤምአርአይ ሥዕል) ተነሣ። በጉበቱ ውስጥ ያሉት የሐሞት ቱቦዎች እዚህ ጠበብ፣ እዚያ ሰፋ እያሉ እንደ መቁጠሪያ ሆነው ታዩ። ሕመሙ ፕራይመሪ ስክለሮሲንግ ኮላንጃይቲስ ይባላል፤ እኛ ቤት በአጭሩ ፒኤስሲ እንለዋለን።

አሁን በክትትል አልትራሳውንድ በጉበቱ ቀኝ ክፍል ወደ 3 ሴንቲ ሜትር የሚጠጋ እብጠት ተገኘ። ሪፖርቱ «ካንሰር አለመሆኑ ይጣራ» ይላል። ከዚያ ወዲህ ቤታችን ውስጥ ሁሉም የየራሱን መንገድ ይዟል። አባታችን ሰንዳፋ ያለችውን ቦታ ሸጠን ወደ ውጭ አገር እንውሰደው ይላሉ። እናታችን እንጦጦ ጸበል ይግባ ትላለች። አክስታችን ደግሞ «ዓይኑ ቢጫ ነው፤ የወፍ በሽታ ነው፤ መድኃኒቱን የሚያውቅ ሰው አለ» ብላ ቅጠል ልታመጣ ተነሥታለች። እርሱ ራሱ ዝም ብሏል። ማታ ማታ ያተኩሰዋል፤ ክብደቱም ቀንሷል።

የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ እንዲህ ዓይነት ሕመም ባለበት ሰው ጉበት ላይ የሚወጣ እብጠት ከካንሰር ሌላ ሊሆን ይችላል? ከሆነስ በምን ይለያል?

ሰበታዊ (ሰበታ)

እህት ዓለም፣ እግዚአብሔር ይማረው። ልብሽን ላስጨንቀው አልፈልግም፤ ግን አጎቴ ይኸው የሐሞት ቱቦ ሕመም ነበረበት። እብጠት ሲታይ «እንከታተለው» ተባለ፤ ክትትሉም ተጓተተ። የሐሞት ቱቦ ካንሰር መሆኑ ሲታወቅ ቢላ የሚነካው አልነበረም። ስለዚህ ምክሬ አንድ ነው፦ ቶሎ ይውጣ። ምን እንደሆነ ከወጣ በኋላ ይመርመር።

ሥዕል አንባቢው (ሱሉልታ)

የራዲዮሎጂ ሐኪም ነኝ። በመድረክ ላይ ታማሚ አይታከምም፤ ጥያቄው ግን ብዙ ቤተሰብ የሚያስጨንቅ ነውና ሰፋ አድርጌ ልመልስ።

ሰበታዊ የፈራው ነገር እውነተኛ ነው። ፒኤስሲ ካለባቸው 100 ሰዎች ከ10 እስከ 15 የሚሆኑት በሕይወት ዘመናቸው የሐሞት ቱቦ ካንሰር ሊይዛቸው ይችላል፤ ከዚህም ቀላል የማይባለው ክፍል የሚገኘው ፒኤስሲው በታወቀ በመጀመሪያው ዓመት ውስጥ ነው። ስለዚህ በዚህ ሕመም ውስጥ አዲስ እብጠት ማለት ዛሬ ነገ የማይባልበት ጉዳይ ነው።

ነገር ግን ሁሉም እብጠት ካንሰር አይደለም። ከሁሉ በፊት ትኩሳቱን አትለፉት። ቱቦው በጠበበበት ቦታ ሐሞት ይቋጠራል፤ ባክቴሪያ ይራባል፤ ከዚያም በጉበት ውስጥ መግል ሊቋጥር ይችላል። ትኩሳት፣ ዓይን ቢጫ መሆንና የጎን ሕመም አብረው ከመጡ ይህ የቀጠሮ ነገር አይደለም፤ ዛሬውኑ ድንገተኛ ክፍል የሚያስኬድ ነው። መግል ከሆነ በፀረ ተሕዋስያን መድኃኒትና አስፈላጊ ሲሆን በቱቦ በማስወጣት ይድናል።

መግል ካልሆነ ደግሞ እምብዛም የማይነገርለት አንድ ነገር አለ። ኢንፍላማቶሪ ስዩዶቱመር ይባላል። የጉበት ሥጋ በብግነት ተቆጥቶ፣ በነጭ የደም ሕዋሳትና በጠባሳ ተሞልቶ ያብጣል፤ ዕጢ ይመስላል እንጂ ካንሰር አይደለም። ፒኤስሲን የመሰለ ሥር የሰደደ የሐሞት ቱቦ ብግነት ባለባቸው ሰዎች ላይ እንደሚከሰት ይታወቃል። ትኩሳት፣ የክብደት መቀነስ፣ የሆድ ሕመም የሱም ምልክቶች ናቸው፤ ሰውን የሚያሳስተውም ይኸው ነው። በጉበት ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የተዘገበው እ.ኤ.አ. በ1953 ሲሆን ጸሐፊዎቹ ፓክና ቤከር የተባሉ ሐኪሞች ነበሩ። የዚያ ጽሑፍ ርእስ የጉበትን ቀኝ ክፍል በሙሉ ስለማውጣት ነበር። ሰበታዊ ወንድሜ፣ «ይውጣና በኋላ ይመርመር» የሚለው መንገድ ዋጋው ምን ያህል እንደሆነ ከዚህ ይታያል። ፒኤስሲ ያለበት ሰው ጉበት ደግሞ አስቀድሞ የጠባሳ ጉበት ሊሆን ስለሚችል ግማሹ ቢቆረጥ የቀረው ላይበቃው ይችላል።

ሌላም አለ። ሕመሙ ሲገፋ የጉበት ዳርና ዳሩ ይሟሽሻል፤ ከኋላ ያለው ኮዴት የሚባለው ክፍል ግን ብዙ ጊዜ ይተርፍና ያብጣል። ልምድ የሌለው ዓይን ይህን ትልቅ ዕጢ ብሎ ሊጽፈው ይችላል። በተሟሸሸው ሥጋ መካከል ደም በደንብ የሚደርሰው ቦታ አብቦ ትልቅ ጉብታ የሚሠራበትም ጊዜ አለ። ሔማንጂዮማና ፎካል ኖዱላር ሃይፐርፕሌዥያ የሚባሉት፣ ካንሰር ያልሆኑ፣ በጤነኛ ሰው ላይም የሚገኙት እብጠቶችም አሉ፤ እነዚህን ኤምአርአይ አብዛኛውን ጊዜ በመልካቸው ይለያቸዋል።

ስዩዶቱመርን ግን ኤምአርአይ ብቻውን ሁልጊዜ አይለየውም። የሐሞት ቱቦ ካንሰር ጠባሳ ስለሚበዛበት በደም ሥር የተሰጠውን ማቅለሚያ ዘግይቶ ይይዛል፤ ስዩዶቱመርም ጠባሳ ስላለበት እንዲሁ ያደርጋል። ይህን የምለው ሥዕል ማንበብ እንጀራዬ ሆኖ ነው።

አሁን የሚያስፈልጋችሁ በማቅለሚያ የሚነሣ ኤምአርአይ ከኤምአርሲፒ ጋር ነው። የቀድሞዎቹን ምርመራዎች ሲዲ ሁሉ ይዛችሁ ሂዱ፤ ወረቀቱን ብቻ አይደለም፣ ሲዲውን። ከሁለት ዓመት በፊት እዚያው ቦታ ላይ ትንሽ ነጥብ ነበረች ወይስ አልነበረችም የሚለው ጥያቄ ከብዙ አዲስ ምርመራ ይበልጣል።

ወይዘሮ ከለገጣፎ (ለገጣፎ)

የእኔ ሕመም ከወንድምሽ ይለያል፤ ግን ከዚያው ከሐሞት ቱቦ ነው የሚነሣው፤ ስለዚህ ልጻፍልሽ። ፕራይመሪ ቢሊያሪ ኮላንጃይቲስ አለብኝ፤ ከያዛቸው 10 ሰዎች 9ኙ ሴቶች ናቸው ይባላል። የሚያጠቃው ትንንሾቹን ቱቦዎች ነው። እኔን የጀመረኝ በማሳከክ ነበር፤ ሌሊት መዳፌንና እግሬን ስፍቅ አነጋ ነበር። ምግብ ነው፣ አለርጂ ነው፣ የቆዳ ነው ሲባል ቆይቶ ኤኤምኤ የሚባለው የደም ምርመራ ነው ያወጣው።

ዓመታት ካለፉ በኋላ በእኔም ጉበት ላይ ጉብታዎች ታዩ፤ አንድ አይደለም፣ የተበታተኑ። ሲሮሲስ (ጉበት በጠባሳ ሲሞላ) ነው ብለው ጠረጠሩ። ናሙና ተወስዶ ሲታይ ኖዱላር ሪጄኔሬቲቭ ሃይፐርፕሌዥያ ሆኖ ተገኘ። እንደ ገባኝ ከሆነ የጉበቱ ደቃቅ የደም ሥሮች ሲጎዱ ደም የሚደርሰው ቦታ ያድጋል፣ የማይደርሰው ይኮሰምናል፤ በመካከሉ እንደ ሲሮሲስ ያለ ጠባሳ የለም። ካንሰር አይደለም። ይሁን እንጂ ወደ ጉበት የሚገባው የደም ሥር ግፊት እንዲጨምር ያደርጋል፤ የጉሮሮ ደም ሥሮችን ሊያሳብጥና ሊያደማ ይችላል። ስለዚህ «ካንሰር አይደለም» ሲሉኝ እልል ብዬ ወደ ቤቴ አልሄድኩም፤ ኢንዶስኮፒ ታዘዘልኝ፤ እስከ ዛሬም እከታተላለሁ።

ኡርሶዲኦክሲኮሊክ አሲድ እወስዳለሁ፤ መጠኑ በክብደት ነው የሚሰላው፣ በኪሎ ከ13 እስከ 15 ሚሊግራም በቀን። ይህ መጠን ለእኔ ሕመም ነው፤ ለፒኤስሲ ነገሩ ሌላ ነውና ከእኔ አይቶ ማንም እንዳይጀምር።

እናትሽን ጸበል አትከልክያት። እኔም እሄዳለሁ። መድኃኒቴን ግን በአንድም ቀን አላቋረጥኩም፤ ንስሐ አባቴም ቢሆኑ «መድኃኒቱንም የፈጠረው እርሱ ነው» ነው ያሉኝ።

የቡራዩ አባወራ (ቡራዩ)

ሁለት ጥያቄ አለኝ። አንደኛ፣ ካንሰር በመርፌ ከተነካ ይሠራጫል ይባላል፤ ናሙና መወሰዱ አያሰጋም? ሁለተኛ፣ ሲኤ 19-9 የሚባል የካንሰር የደም ምርመራ አለ፤ ለምን በእርሱ አይታወቅም?

ሥዕል አንባቢው (ሱሉልታ)

የመጀመሪያው ጥያቄ ባዶ ፍርሃት አይደለም። የተጠረጠረው ካንሰር ዋና ዋናዎቹ የሐሞት ቱቦዎች በሚገናኙበት ቦታ ላይ ከሆነና የጉበት ንቅለ ተከላ ተስፋ ካለ፣ በቆዳ በኩል መርፌ ማስገባት ከንቅለ ተከላው ዕድል ሊያስወጣ ይችላል። እንዲህ ሲሆን በኢአርሲፒ፣ ማለትም በአፍ በሚገባ መሣሪያ፣ ከቱቦው ውስጥ በብሩሽ ሕዋስ ይወሰዳል። ስለዚህ መርፌው ከመግባቱ በፊት የቀዶ ሕክምናና የጉበት ሐኪሞች ተነጋግረው «ይህ ሰው ወደፊት ምን ሊያስፈልገው ይችላል?» ማለት አለባቸው። እብጠቱ ከመገናኛው ርቆ በቀኝ ክፍል ውስጥ ያለ እንደሆነ ግን ሚዛኑ ይለወጣል፤ ናሙና መውሰድ ብዙ ጊዜ ከአላስፈላጊ ቀዶ ሕክምና ያድናል።

ሲኤ 19-9 ደግሞ ብቻውን አይፈርድም። ቱቦ ሲዘጋና ሲመረዝ ካንሰር ሳይኖርም ወደ ላይ ይወጣል፤ የመዘጋቱ ምክንያት ሲወገድ ይወርዳል። ከ100 ሰዎች ከ5 እስከ 10 የሚሆኑት ደግሞ በተፈጥሯቸው ይህን ንጥረ ነገር አያመርቱም፤ እነርሱ ካንሰር ቢኖርባቸውም ምርመራው ዝቅ ብሎ ነው የሚታየው።

ስላይድ (አያት)

የምሠራው በፓቶሎጂ ነው፤ ናሙናው እኛ ጋ ነው የሚመጣው። አንድ ነገር ከልቤ እለምናለሁ፦ በወረቀቱ ላይ ታሪኩ ይጻፍ። «የጉበት እብጠት፣ ወንድ፣ 33» ብቻ ተብሎ የመጣ ናሙናና «ፒኤስሲ አለበት፣ ትኩሳት አለው፣ አልሰሬቲቭ ኮላይቲስ አለበት» ተብሎ የመጣ ናሙና ለእኛ እኩል አይደሉም።

በስዩዶቱመር ናሙና ውስጥ የምናየው ፕላዝማ ሴልና ሊምፎሳይት የሚባሉ ነጭ የደም ሕዋሳት የበዙበት፣ በጠባሳ ጭረት የተሞላ ሥጋ ነው። ችግሩ የካንሰር ጫፍም አንዳንድ ጊዜ በብግነት ይከበባል። መርፌው ጫፉን ብቻ ከነካ ብግነት ብቻ ይታየናል። ስለዚህ ከአንድ በላይ ቁራጭ፣ ከእብጠቱ መካከልም ከዳርም ቢወሰድ ይመረጣል። ውጤቱም ከሥዕሉ ጋር ካልተስማማ ናሙናው እንዲደገም መጠየቅ ነውር የለውም።

ሌላው አይጂጂ 4 ነው፤ ሰውነት የሚያመርተው የፀረ እንግዳ አካል ዓይነት ነው። ከፒኤስሲ ጋር በእጅጉ የሚመሳሰል፣ ከአይጂጂ 4 ጋር የተያያዘ የሐሞት ቱቦ ብግነት አለ። በጉበትም ላይ እንዲህ ዓይነት እብጠት ይሠራል፤ ፕሬድኒሶሎን ለሚባለው ብግነት አብራጅ ስቴሮይድ መድኃኒትም ጥሩ ምላሽ ይሰጣል። በደም የሚለካው አይጂጂ 4 ከፍ ማለት ብቻውን አይበቃም፤ ከ10 የፒኤስሲ ሕመምተኞች በአንዱ ገደማ ከፍ ይላል። ናሙናው ላይ ለብቻው ሲቀለም ግን ብዙ ይናገራል። ይህ ማቅለሚያ በየላቦራቶሪው አይገኝም፤ ብሎኩን (ናሙናው በሰም ውስጥ የተቀመጠበትን ቁራጭ) ወደሚሠራበት ቦታ መላክ ይቻላል። ብሎኩ አይጥፋባችሁ።

ወይዘሮ ከለገጣፎ ስለ ራሳቸው የጻፉትን አንብቤ አንድ ልጨምር። በእርሳቸው ዓይነት ሕመም ላይ ሪአክቲቭ ሊምፎይድ ሃይፐርፕሌዥያ የሚባል እጅግ ጥቂት ጊዜ የሚገኝ እብጠትም ይታወቃል። በአብዛኛው በመካከለኛ ዕድሜ ሴቶች ላይ፣ አንዲት ብቻ፣ ብዙ ጊዜ ከ2 ሴንቲ ሜትር ያነሰች። በሥዕል የጉበት ካንሰር ትመስላለች፤ ካንሰር አይደለችም። አብዛኛውን ጊዜ ማንነቷ የሚታወቀው ተቆርጣ ከወጣች በኋላ ነው።

ነርስ ከአቃቂ (አቃቂ ቃሊቲ)

ሐኪሞቹ ያሉትን አልደግምም። እኔ የምፈራው ሌላ ነገር ነው፤ አገራችን ውስጥ ስለምንኖር ልናገረው።

«ብግነት ነው፤ ፕሬድኒሶሎን ይጀምር» የሚባልበት ቀን ሊመጣ ይችላል። ያን ቀን ከመጀመሩ በፊት ሦስት ነገር መጠየቅ አለብሽ እህቴ። የመጀመሪያው ቲቢ ነው። ቲቢ በጉበት ላይም እብጠት ይሠራል፤ ማታ ማታ ማተኮስና መክሳት የሱም ጠባይ ነው። ናሙናው ሲወሰድ ሁሉም ፎርማሊን በሚባለው ናሙና ማቆያ ፈሳሽ ውስጥ ከተነከረ የቲቢ ካልቸር (ባክቴሪያውን አሳድጎ የሚያይ ምርመራ) ሊሠራበት አይችልም፤ ስለዚህ አንዱ ቁራጭ ሳይነከር ለቲቢ ምርመራ እንዲቀመጥ አስቀድማችሁ ንገሩ። ይህን ናሙናው ከተወሰደ በኋላ መናገር ዋጋ የለውም። ሁለተኛው ሄፓታይተስ ቢ ነው። ተደብቆ የኖረ ቫይረስ በስቴሮይድ ይቀሰቀስና ጉበቱን በሳምንታት ሊያጠፋው ይችላል፤ ምርመራው ግን ቀላል የደም ምርመራ ነው። ሦስተኛው ስትሮንጂሎይድስ የሚባለው ትል ነው። በባዶ እግር አፈር ከረገጠ ሰው አንጀት ውስጥ ለዓመታት ምልክት ሳያሳይ ይኖራል፤ ስቴሮይድ ሲያገኝ በሰውነት ሁሉ ተሠራጭቶ ይገድላል። ገጠር ያደገ ልጅ ከሆነ ይህን አስታውሱ።

በተጨማሪም ሐሞት በደንብ ወደ አንጀት ካልፈሰሰ ቫይታሚን ኤ፣ ዲ፣ ኢ እና ኬ አይመጠጡም። ኬ ሲያንስ ደም አይረጋም። ከመርፌው በፊት የደም መርጋት ምርመራ ይሠራ፤ ካስፈለገ ቫይታሚን ኬ ይሰጠው።

ስለ ቅጠሉ ደግሞ፦ አክስትሽ ወንድምሽን የምትወድ ሴት ናት፤ ይህን አልጠራጠርም። ዓይን ቢጫ የሚሆንበት ምክንያት ግን ብዙ ነው፤ የወንድምሽ ቱቦው በመጥበቡ ነው። የተጠበበ ቱቦን ቅጠል አይከፍተውም። ምን እንደሆነ ያልታወቀ ቅጠል በታመመ ጉበት ላይ ሲጨመር ደግሞ ሐኪሙ ነገ ምርመራው ከፍ ብሎ ሲያይ ከሕመሙ ይሁን ከቅጠሉ መለየት ይቸግረዋል። ለአክስትሽ እንዲህ ብለሽ አስረጃት፤ እሺ ካላለችሽ ሐኪሙ ፊት አብራችሁ ትቅረብ።

መሬቱን አሁን አትሽጡ። በዚህ ከተማ ኤምአርአይም ናሙናም ይሠራል። ምን እንደሆነ ሳይታወቅ ወደ ውጭ የሄደ ሰው እዚያም የሚጀምረው ከዚሁ ነው።

ሰበታዊ (ሰበታ)

ሥዕል አንባቢው የጻፉትን ደግሜ ደጋግሜ አነበብኩት። የአጎቴ ነገር ዛሬም ያንገበግበኛል። እርሱ የሞተው ስላልተቆረጠ ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ አሁን ሳስበው ማንም ናሙና አልወሰደለትም፣ የቀድሞውን ሥዕል ከአዲሱ ጋር ያስተያየም አልነበረም። የኮዬዋ እህት፣ ሲዲዎቹን ለማሰባሰብ ሰው ካስፈለገሽ እኔ በየቀኑ ከተማ እመላለሳለሁ፤ ላመጣልሽ እችላለሁ።

የኮዬዋ እህት (ኮዬ ፈጬ)

ሰበታዊ፣ እግዚአብሔር ያክብርልኝ፤ አጎትህንም ነፍስ ይማር። ሲዲዎቹን ወንድሜ ራሱ ከየቦታው ሰብስቧቸዋል።

ብዙ ሳምንት ዝም ያልኩት ውጤት እየጠበቅን ስለነበር ነው። ትኩሳቱን ካነበብኩ በኋላ በዚያው ማታ ድንገተኛ ክፍል ወሰድነው። ተኝቶ በደም ሥር የፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ተሰጠው፤ ትኩሳቱ ወረደ። በኤምአርአዩ እብጠቱ ውስጥ የሚፈስ መግል አልተገኘም። በቀድሞው ሥዕል ላይ በዚያ ቦታ ምንም አልነበረም፤ አዲስ ነው። እብጠቱ ከቱቦዎቹ መገናኛ ሩቅ ስለሆነ ሐኪሞቹ ተመካክረው ናሙና እንዲወሰድ ወሰኑ። ቫይታሚን ኬ ተሰጠው። ነርስ ከአቃቂ እንዳሉት አንዱ ቁራጭ ለቲቢ እንዲቀመጥ ጠየቅሁ፤ ሐኪሙ «ጥሩ አሰብሽ» አለኝ።

ውጤቱ፦ ፕላዝማ ሴል፣ ሊምፎሳይት፣ ጠባሳ። የካንሰር ሕዋስ አልታየም። በአይጂጂ 4 የሚቀለሙት ሕዋሳት ጥቂት ናቸው። የቲቢ ምርመራው ነጻ ነው፤ ሄፓታይተስ ቢም የለበትም። ስዩዶቱመር ነው አሉን። ስቴሮይድ አልጀመሩለትም፤ በፀረ ተሕዋስያን መድኃኒቱ እየተሻለው ስለነበር መጠበቅን መረጡ። በድጋሚ በተነሣው ኤምአርአይ እብጠቱ በግማሽ ያህል አንሷል። እናቴ ይህን ስትሰማ መሬት ስማ ተነሣች። አባታችንም ስለ ሰንዳፋው ቦታ ማውራት ትተዋል።

አንድ የቀረኝ ጥያቄ፦ እብጠቱ ፈጽሞ ከጠፋ ክትትሉ ይቀራል ማለት ነው? እርሱ ወደ ክፍሉ ተመልሶ ማስተማር ጀምሯል፤ ሐኪም ቤት መመላለስም ሰልችቶታል።

ሥዕል አንባቢው (ሱሉልታ)

እንኳን ደስ ያላችሁ። ክትትሉ ግን አይቀርም። ስዩዶቱመሩ ቢጠፋም ፒኤስሲው አለ፤ እብጠቱም ተመልሶ ሊመጣ ይችላል። በግማሽ ማነሱ ደስ የሚያሰኝ ነው፤ ሙሉ በሙሉ እስኪጠፋ ወይም ሳይለወጥ ረግቶ እስኪቆይ ግን ሐኪሞቹ በሚወስኑት አጭር ጊዜ ልዩነት ይታይ። ማደግ ከጀመረ ናሙናው መደገም አለበት። ከዚያ በኋላ በየዓመቱ ኤምአርአይ ከኤምአርሲፒ ጋር ይቀጥላል። አልሰሬቲቭ ኮላይቲስ ስላለበት ኮሎኖስኮፒም (ትልቁን አንጀት በካሜራ ማየት) በየዓመቱ ያስፈልገዋል፤ ሁለቱ ሕመሞች አብረው ሲሆኑ የትልቁ አንጀት ካንሰር ስጋት ይጨምራልና። ቀጠሮዎቹን ትምህርት ቤት በሚዘጋባቸው ወራት ላይ እንዲያደርጉለት ቢጠይቅ አይከፋም።

በሚቀጥለው ምርመራ ደግሞ የሐሞት ከረጢቱም በሪፖርቱ ላይ ለብቻው እንዲነበብ ንገሯቸው። በፒኤስሲ ሕመምተኛ ከረጢት ውስጥ 8 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ የሆነ ፖሊፕ ከታየ በሌላ ሰው ላይ እንደሚደረገው አይጠበቅም፤ ከረጢቱን ስለማውጣት ከቀዶ ሐኪም ጋር መነጋገር ያስፈልጋል።